አይብ በጁባ፦ ከካርቶን ወተት እስከ ፋሲካ ገበታ



የኢዮቤልዩ መጽሔቱ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ጁባ ኑሯችን ታሪክ እንድንጽፍ በጠየቀን ጊዜ፣ ስለ ንግዱ፣ ስለ ማኅበሩ አመሠራረትና ስላለፍንበት ችግር ሌሎች ወንድሞችና እኅቶች እንደሚጽፉ ስለምናውቅ፣ እኛ ስለ አይብ ለመጻፍ መረጥን። ነገሩ ለአንዳንዱ ቀልድ ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ በዚህ ከተማ የመጀመሪያውን አይብ በቤታችን ለመሥራት የደረሰብንን ውጣ ውረድ ያየ ሰው፣ ከማን ምን እንደተማርንና ለማን ባለ ዕዳ እንደሆንን ይረዳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ነው።

ወደ ጁባ አመጣጣችን

እንደሚታወቀው የሱዳን መንግሥትና ኤስ.ፒ.ኤል.ኤም. አጠቃላዩን የሰላም ስምምነት የተፈራረሙት ጥር 1 ቀን 1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 9 ቀን 2005) ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ብዙዎቻችን ሥራ ፍለጋ ወደ ጁባ መጣን። ገሚሱ ሱቅ ከፈተ፣ ገሚሱ ምግብ ቤትና ሆቴል ያዘ፣ ገሚሱ በውሃ ቦቴና በጭነት መኪና ተሰማራ። ያን ጊዜ ከተማው አስፋልት ብርቅ የሆነበት፣ መብራት በጄኔሬተር ብቻ የሚገኝበት፣ ውሃም ከነጭ ዓባይ በቦቴ እየተቀዳ የሚሸጥበት ነበር።

ከመጣነው መካከል አብዛኞቹ ወንዶች ነበርን። ጤፍ በጆንያ፣ በርበሬና ሽሮ በሻንጣ ይመጣልን ነበር። ቅቤም ተነጥሮ በጀሪካን ይመጣል። አይብ ግን አይመጣም። አይብ ውሃው የበዛ፣ በጥቂት ቀን የሚበላሽ ምግብ ስለሆነ መንገድ አይችልም። ስለዚህ ክትፎ ያለ አይብ፣ ጎመን ያለ አይብ፣ የፋሲካ ዶሮ ያለ አይብ መብላት ለመድን። ለመድን እንበል እንጂ በየበዓሉ «አይብ ቢኖር ኖሮ» የማይል ሰው አልነበረም።

አይብ በአገር ቤት

በአገራችን አይብ ራሱን ችሎ የሚታሰብ ሥራ አይደለም፤ የቅቤ ተከታይ ነው። እናቶቻችን ወተቱን በወይራ በታጠነ ዕቃ ያጠራቅማሉ። በደጋው ቅዝቃዜ ወተቱ እስኪረጋ ሁለት ሦስት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። እርጎው በቅል ወይም በገንቦ ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል፣ የቀረው አሬራ ይባላል። አሬራው በቀስታ ሲሞቅ ይቋጥርና አይቡ ከአጓቱ ይለያል። አይቡ ለቤተሰብ፣ አጓቱ ለልጅና ለጥጃ ይሆናል፤ የሚጣል ነገር የለም።

በአዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ከብት ምርምር ማዕከል፣ በተለምዶ ኢልካ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ስለ ገጠር የወተት አሠራር ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ የእናቶቻችንን ሙያ በቁጥር አስፍሮታል። በዚያ መሠረት 1 ኪሎ አይብ ለማግኘት 8 ሊትር ያህል ወተት ያስፈልጋል። ከአይቡ ውስጥ ከመቶ 79 ያህሉ ውሃ፣ 15 ያህሉ ፕሮቲን ሲሆን፣ ቅቤው ቀድሞ ስለወጣ ስቡ ከመቶ 2 እንኳ አይሞላም። አይብ ሆድ የማይከብደው በዚህ ምክንያት ነው።

አበላሉም እንደየአገሩ ነው። ጉራጌው በመስቀል ከጎመን ጋር አዋሕዶ ዝማሙጃት ይለዋል። በምዕራብ ጎጃም ደግሞ በቅመም ተለውሶና ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ የሚበላ ሜታታ አይብ አለ። ይህን ሁሉ እየበላን ያደግን ሰዎች ብንሆንም፣ አንድ ነገር ግን ልብ አላልንም ነበር። አይብ ሲሠራ ያየነው ከመሶቡ ወዲህ ሆነን ነው እንጂ ከምድጃው ወዲያ ሆነን አልነበረም። ሴቶቹም ቢሆኑ የሚያውቁት በደጋ አየር፣ በደጋ ላም ወተት የሚሠራውን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ጁባ ግን 500 ሜትር ገደማ ነች። ሙያው በሻንጣ አብሮን የመጣ መስሎን ነበር፤ አልመጣም።

ላም አለኝ በሰማይ

በመጀመሪያ የሞከርነው በካርቶን ወተት ነው። ከኡጋንዳና ከኬንያ የሚመጣውን፣ ሱቃችን ውስጥ የምንሸጠውን ወተት አሥር ሊትር ያህል በባልዲ ገልብጠን፣ ክዳን አድርገን እስኪረጋ ጠበቅን። በሁለተኛው ቀን አልረጋም። በሦስተኛው ቀን ሸተተ፣ መራራም ሆነ፤ ደፋነው። ምክንያቱን ያወቅነው ቆይተን ነው። ለወራት እንዲቆይ የታሸገ ወተት ለጥቂት ሰከንድ ከ135 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ፣ ወተትን እርጎ የሚያደርጉት ደቂቅ ነፍሳት አብረው ይሞታሉ። እርሾ ካልተጨመረበት ሲበላሽ ይበላሻል እንጂ አይረጋም። እርሾ ጨምረን ስናረጋው ደግሞ ሁለተኛ ችግር ገጠመን። ግማሽ ቀን ብንንጠውም ቅቤ አልወጣውም። በፋብሪካ ስቡ እንዳይንሳፈፍ ተደርጎ ስለሚደቅ፣ ተመልሶ ተሰብስቦ ቅቤ አይሆንም።

የቆርቆሮ ዱቄት ወተትም በጠብጠን በሎሚ አረጋነው። ነጭ ነገር ወጣ፤ መልኩ አይብ ነው። ጣዕሙ ግን የዱቄት ወተት ነው። አንድ ታላቅ ወንድማችን በእንጀራ ጠቅልለው ከቀመሱ በኋላ «እግዜር ይስጥልን፣ ግን ይሄ አይብ አይደለም» ብለው ያስቀመጡት አይረሳንም።

ከካርቱም የሚመጣውንም ሞከርን። አንድ የሰሜን ሱዳን ነጋዴ ጎረቤታችን «ጅብና አለኝ» ሲለን፣ የቡና ጀበና የሚሸጥ መስሎን ሁለት እንዲሰጠን ጠየቅነው። በዐረብኛ አይብ ጅብና መባሉን ያወቅነው ቆርቆሮ ከፍቶ ሲያሳየን ነው። ጅብና በይዳ የሚሉት ነጭ አይብ ነው። መልካም ምግብ ነው፤ ነገር ግን ሙቀቱን እንዲችል ከመጀመሪያው ጨው ይገባበታል። ከክትፎ ጋር ቢቀርብ ጨው በጨው ነው የሚሆነው።

የሚያስቆጨው ይህ ሁሉ የሆነው በከብት አገር መሀል ተቀምጠን ነው። በጁባ ዙሪያና በስተሰሜን በተረኬካ በኩል ያሉት ሙንዳሪዎች ቀንዳቸው እንደ ዋርካ ቅርንጫፍ የተዘረጋ ከብት የሚያረቡ ሕዝቦች ናቸው። ዲንቃውም ኑዌሩም ጥሎሹ፣ ዕርቁ፣ ክብሩ በከብት ነው። ማለዳ ማለዳ ከብቱ በመንገዳችን ሲያልፍ እያየን፣ እኛ የካርቶን ወተት እንቀድ ነበር። አበው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት ለእኛ ሳይሆን አይቀርም።

ኢታንግ ያደገችው ጎረቤታችን

መፍትሔው የመጣው ካልጠበቅነው ወገን ነው። በሰፈራችን አማርኛ አጥርታ የምትናገር አንዲት የኑዌር ተወላጅ ጎረቤት ነበረችን። ያደገችው በጋምቤላ፣ በኢታንግ የስደተኞች ሠፈር ነው። እንደሚታወሰው እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በደቡብ ሱዳን ጦርነቱ ሲነሣ፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደ አገራችን ገብቶ በኢታንግ፣ በፉኝዶና በዲማ ተጠልሎ ነበር። በ1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ አብዛኛው ተመልሶ ወጣ። እሷም በልጅነቷ የለመደችውን አማርኛ፣ ቡናና እንጀራ ይዛ ነው የተመለሰችው።

አንድ ቀን የተበላሸ ወተት ስንደፋ አይታ ሳቀች። ምን እየሠራን እንደሆነ ስንነግራት እንዲህ አለችን፦ «ወተት ገበያ ላይ አትፈልጉ። ገበያ እስኪደርስ ውሃ ገብቶበት፣ ፀሐይ መትቶት ነው። ሴቶቹ ከከብቱ ሠፈር ሲመጡ መንገድ ላይ ጠብቋቸው፤ የሚያልቡበትንም ዕቃ ራሳችሁ ስጧቸው።» ዕቃውን ያነሳችበት ምክንያት ነበራት። አርብቶ አደሮቹ የወተት ቅላቸውን በከብት ሽንት የማጠብ ልማድ አላቸው። ለእነሱ ንጽሕና ነው፤ ለእኛ ጠረኑ እንግዳ ስለሆነ እንደማንወደው ገብቷታል።

ከከተማው ዳር ወተት ከሚያመጡት ሴቶች ጋር ያስተዋወቀችን እሷው ናት። «ማማ» እያልን፣ በተሰባበረ የጁባ ዐረብኛ «ለበን፣ ለበን» እያልን ተግባባን። የታጠበ ጀሪካን ሰጠናቸው፤ እነሱም በማግስቱ ሞልተው አመጡ። በበጋ ሣሩ ስለሚደርቅ አንዲት ላም ለጥጃዋ ተርፋ የምትሰጠው ከአንድ ሊትር ብዙም ስለማይዘል፣ ስምንት ሊትር ለማግኘት የብዙ ላም ወተት መሰብሰብ ነበረበት። ዋጋውን ስንከራከር የነበርን ባለሱቆች ይህን ከሰማን በኋላ ዝም አልን።

ሁለተኛው ትምህርቷ ስለ ሙቀቱ ነው። ማታ ያስቀመጥነው ወተት ጠዋት ረግቶ አገኘነው፤ በአገር ቤት ሦስት ቀን የሚፈጀው በጁባ አንድ ሌሊት ነው። ደስ ብሎን በቀትር መናጥ ጀመርን። ቅቤ የለም! የወተት ስብ አየሩ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ይለሰልሳል፤ ቢናጥም እንደ ዘይት ይበተናል እንጂ አይሰበሰብም። በየካቲትና በመጋቢት የጁባ ቀትር 37 እና 38 ዲግሪ ይደርሳል። ጎረቤታችን የራሷን ቅል አምጥታ፣ እርጎውን ገልብጣ፣ ቅሉን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ ከዛፍ ሥር አሳደረችው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ቀስቅሳን፣ ጭኗ ላይ አድርጋ ወዲያና ወዲህ ትገፋው ጀመር። ፀሐይ ሳትወጣ ቅቤው ተሰበሰበ። ድምፁ ሲለወጥ የሰማች አንዲት የሰሜን ሸዋ እኅታችን «ወጣ! ይሄ የቅቤ ድምፅ ነው!» ብላ እልል አለች።

አሬራውን ወደ ምድጃ የወሰደችው ግን ይህችው እኅታችን ናት፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሙያ የእኛ ነበርና። በጎረቤታችን ቤት አሬራው ይጠጣል እንጂ አይሞቅም። ስለዚህ ቅቤውን ለማውጣት እሷ እኛን አስተማረችን፣ አይቡን ለማርጋት እኛ እሷን አስተማርናት። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ለአምላክ ብለን ያስያዝነው የወይራ እንጨትም ለማጠኛ ደረሰልን።

የ2000 ዓ.ም. ፋሲካ

ይህ ሁሉ የሆነው በሚሊኒየማችን ዓመት፣ በዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድ ችግር ነበር። አይቡ ተሠርቷል፤ የሚቀምሰው የለም! ክርስቲያኖቹ 55ቱን ቀን ጿሚዎች ነን። ቀማሽ ሆነው የተመረጡት ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ናቸው። በተለይ አንዲት የወሎ እናት በየሳምንቱ ሙከራውን እየቀመሱ «እሳቱ በዝቶበታል፣ ጎማ ሆኗል»፣ «አሁን ደግሞ አጓቱ አልወጣለትም» እያሉ ያርሙ ነበር። እሳት ሲበዛ አይቡ እንደሚጠነክርና እንደሚንጫጫ፣ እጅ ከሚችለው ሙቀት ብዙ ሳያልፍ በቀስታ ሲሞቅ ግን እንደሚለሰልስ የተማርነው ከእሳቸው ምላስ ነው።

ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 19 ቀን ነበር። ዓርብ ጠዋትና ማታ 24 ሊትር ወተት ተሰበሰበ። ቅዳሜ ከንጋቱ 11 ሰዓት በሦስት ቅል ተናጠ። አሬራው በቀስታ ተሞቀ፣ በንጹሕ ነጠላ ተጠለለ። ወደ 3 ኪሎ የሚጠጋ አይብ ወጣ። ሌሊት ጸሎቱ አልቆ ዶሮው ሲቀርብ ለእያንዳንዱ ሰው የደረሰው በሾርባ ማንኪያ አንድ አንድ ነበር። ከአገሩ ከወጣ ስድስት ዓመት የሆነው አንድ ወጣት ማንኪያውን ተቀብሎ ወደ ውጭ ወጣ፤ ቆይቶ ዓይኑን ጠርጎ ተመለሰ። ማንም ምንም አልጠየቀውም። በማግስቱ የጎረቤታችን ልጆች፣ ወተት ያመጡልን ማማዎችና ቀማሻችን እናት በአንድ ገበታ ተቀመጡ። ማኅበራችን ከጽሑፍ ደንቡ በፊት የተመሠረተው በዚያ ገበታ ላይ ነው ብንል አናጋንንም።

በሽታውና ክርክሩ

ታሪክ ሲጻፍ ጥፋትም መጻፍ አለበት። ከዚያ ፋሲካ በኋላ በነበሩት ወራት አይብና እርጎ የሁሉ ቤት ምግብ ሆነ። ከእኛው መካከል ሦስት ሰዎች የሚመላለስ ትኩሳት፣ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም ያዛቸው። ወባ ነው ተብሎ የወባ መድኃኒት ወሰዱ፤ አልተሻላቸውም። በመጨረሻ በምርመራ የተገኘው ካልተፈላ ወተት የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ ነው። ለብዙ ሳምንት መድኃኒት ወስደው ዳኑ። አሬራውን ለአይብ የምናሞቅበት እሳት በሽታውን እንደማይገድል ማንም አልነገረን፤ እኛም አልጠየቅንም። ወተትን ለመጠበቅ 63 ዲግሪ ላይ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ወይም ማፍላት ያስፈልጋል።

በዚህ ጊዜ በመካከላችን ብርቱ ክርክር ተነሣ። ታላላቆቻችን «የተፈላ ወተት እርጎ አይሆንም፣ እናቶቻችን አላፈሉም» አሉ። ሌሎች «የእናቶቻችን ላም በጓሯቸው ነበረች፤ ይህችን ላም አናውቃትም» ብለው መለሱ። ሁለቱም እውነት አላቸው። በመጨረሻ ወተቱን አፍልተን፣ እጅ የሚችለው እስኪሆን አቀዝቅዘን፣ ካለፈው የተፈላ ወተት እርጎ ጥቂት እርሾ ጨምረን ስናሳድረው ረጋ፤ ሲናጥም ቅቤ ሰጠ። ጣዕሙ ከቀድሞው ትንሽ ይለያል። ልዩነቱን ተቀብለን እስከ ዛሬ በዚሁ ቀጥለናል።

ከታኅሣሥ 2006 ወዲህ

ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነጻ አገር ስትሆን አብረን ጨፈርን። እ.ኤ.አ. በ2012 እስከ ኒሙሌ ያለው 192 ኪሎ ሜትር መንገድ አስፋልት ሆኖ ሲያልቅ የኡጋንዳ ዕቃ በሽበሽ ሆነ፤ ሱቆቻችንም ተስፋፉ። ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ዓ.ም. ምሽት ግን በጁባ ተኩስ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። በከተማው የነበሩ ብዙ ሺህ ኑዌሮች ሕይወታቸውን ለማትረፍ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ግቢዎች ገቡ። ጎረቤታችንም ልጆቿን ይዛ በሌሊት ሄደች። ቅሉን በእኛ ግቢ ትታው ነበር የሄደችው።

መንገዱ ሲረጋ ከመካከላችን ሁለት ሰዎች እስከ ግቢው በር ሄደው አገኟት። ዳቦና አይብ ነበር የያዙት። «ቅሉን አምጡልኝ» አላለችም፤ «እንዳይደርቅ ውሃ አድርጉበት» ነው ያለችው። በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ ልጆቿን ይዛ ወደ ጋምቤላ መሻገሯን ሰማን። በልጅነቷ በስደት ወዳደገችበት አገር፣ ዳግመኛ በስደት፣ አሁን እናት ሆና ማለት ነው። እኛ በአገሯ፣ እሷ በአገራችን ሆንን።

ከሐምሌ 1 እስከ 4 ቀን 2008 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ጁባ ሲመለስ የእኛም ተራ ደረሰ። ሱቆች ተዘረፉ፤ ብዙዎቻችን ወደ አገር ቤትና ወደ ኡጋንዳ ወጣን። ከዘረፋው በኋላ የተመለስን ጊዜ በአንዱ ግቢ መደርደሪያ የለም፣ ጄኔሬተር የለም፣ ቆርቆሮ ጣሪያ እንኳ ተነቅሏል። ቅሉ ግን ከማድ ቤቱ ጥግ ተቀምጦ ተገኘ፤ ለሌባ የሚረባ ነገር አይደለምና። ወተት የሚያመጡልን ማማዎችም ከሳምንታት በኋላ ተመልሰው መጡ፤ የመጀመሪያውን ጠዋት ገንዘብ አልተቀበሉንም።

ለወጣቶቻችን

ዛሬ ፍሪጅና የተሻለ መብራት ያላችሁ ልጆቻችን፣ አሠራሩ እንዳይጠፋ በአጭሩ እነሆ። ከምታውቁት ሰው ትኩስ ወተት ውሰዱ። አፍሉት፣ አቀዝቅዙት፣ እርሾ ጨምራችሁ በታጠነ ዕቃ አሳድሩት። ሲነጋጋ፣ በቅዝቃዜው ናጡት። ቅቤውን አውጥታችሁ አሬራውን ሳታማስሉ በለስላሳ እሳት አሙቁት። ሲቋጥር አውርዱት፣ እስኪቀዘቅዝ አትነካኩት፣ ከዚያ አጥልሉት። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ብሉት። በካርቶን ወተት የግድ ከሆነ አፍልታችሁ በሎሚ አርጉት፤ ሆድ ይሞላል፣ ነገር ግን የዚህ ጽሑፍ አይብ አይደለም።

ቅሉ አሁንም አለ። በየፋሲካው የመጀመሪያው እርጎ የሚናጠው በእሱ ነው፤ ውሃም እናደርግበታለን። ጎረቤታችን በሰላም ወደ ጁባ የተመለሰች ዕለት የምናስረክባት የራሷ ንብረት ስለሆነ፣ ከእኛ በኋላ በዚህ ከተማ የምትኖሩ የማኅበሩ አባላት አደራውን እንድትረከቡ በዚህ መጽሔት እናስታውቃለን።